«ሱንዳንግ» የሚለውን የፊሊፒንስ ቃል እንዴት እንተርጉመው?

ጥያቄ፦ በምተረጉመው የቅርስ መዝገብ ላይ ሁለት ጥንታዊ የፊሊፒንስ መሣሪያዎች «ሱንዳንግ» ተብለው ተመዝግበዋል። አንደኛው በሁለት ወገን የተሳለ ሲሆን ሌላው ባለ አንድ ስለት ነው። ሁለቱንም «ጎራዴ» ልበላቸው?

ምላሽ፦ አይመስለኝም፤ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ አገሩ የተለያየ ነው። በቪሳያ ደሴቶች ሴቡዋኖ ተናጋሪው ገበሬ «ሱንዳንግ» ሲል እንጨት የሚቆርጥበትንና ኮኮናት የሚፈነክትበትን መሣሪያ ማለቱ ስለሆነ፣ «ገጀራ» የሚለው ቃላችን በሚገባ ይገልጸዋል። በደቡብ፣ በሚንዳናዎ የሚኖሩት ማጊንዳናዎችና ማራናዎዎች ግን በዚሁ ስም የሚጠሩት የሱሉ ታውሱጎች «ካሊስ» የሚሉትን ባለ ሁለት ስለት የጦር መሣሪያ ነው። ለዚህኛው «ሰይፍ» ይሻላል፤ «ጎራዴ» ያልን እንደሆነ አንባቢ የሚታየው በአንድ ወገን ብቻ የተሳለና ቆልመም ያለ ነገር ነውና።

ስለዚህ ከመተርጎምዎ በፊት ዕቃው የየት እንደሆነ ከራሱ ከዕቃው ይረዱ። ለምሳሌ ባሮንግ የተባለው የታውሱጎች መሣሪያ እንደ ቅጠል መሐሉ የሰፋ፣ ጀርባው የወፈረ ባለ አንድ ስለት ሲሆን፣ የእጀታው ጫፍ ብዙ ጊዜ ካካቱዋ በተባለችው ጉትያማ ወፍ ራስ አምሳል ይቀረጻል። ካምፒላን የተባለው የሚንዳናዎ መሣሪያ ረጅም ነው፤ ከእጀታው አጠገብ ጠበብ ብሎ ወደ ጫፉ እየሰፋ ይሄዳል፣ እጀታውም አፉን የከፈተ አውሬ ይመስላል። በፓናይ ደሴት የተሠሩትን በርካታ ስለቶች ደግሞ ፊትና ጀርባቸውን በጣት በመዳሰስ መለየት ይቻላል፦ አንደኛው ፊት ከዳር እስከ ዳር ለጥ ያለ ነው፣ ሌላው ብቻ ወደ ስለቱ ያዘነብላል። እጀታ ግን ይሰበራል፣ ይለወጣልም፤ በእኔ እምነት ስለቱ፣ እጀታውና አፎቱ አንድ ላይ ሳይመሰክሩ «የዚህ አካባቢ ነው» ብሎ መጻፍ ጥድፊያ ነው።

ጥያቄ፦ በመዝገቡ ውስጥ «ቦሎ» የሚለውም ተደጋግሞ ይገኛል። እሱስ?

ምላሽ፦ «ቦሎ» በፊሊፒንስ ገጀራ መሰል ስለቶች በጅምላ የሚጠሩበት የወል ስም ስለሆነ ስለ አካባቢው የሚነግርዎት ነገር የለም። እ.አ.አ. በ1899 በተጀመረው የፊሊፒንስና የአሜሪካ ጦርነት የተሳተፉ ወታደሮች ወደ አገራቸው ከወሰዷቸው መሣሪያዎች ብዙዎቹ የተመዘገቡት በዚሁ ስም ነው። መዝገቡ «ቦሎ» ብቻ ካለ ቃሉን እንዳለ ይተዉት፤ የደሴቱን ስም የሚጨምሩት ከዕቃው ማስረጃ ካገኙ ብቻ ይሁን።