የአባቴ ብየዳ ቤት ድረ ገጽ ጉግል ላይ የለም፤ ምን ልንካ?

የብየዳው ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከደሴ ስትመጡ የሐረጎ ቁልቁለት ካለቀ በኋላ፣ ብየዳ ቤት አለው። የግቢ በር፣ መስኮት፣ ፍርግርግ ይሠራል። አምና አንድ ልጅ በዎርድፕሬስ (ድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ነው) ድረ ገጽ ሠራልን፤ ብሩን ከተቀበለ ወዲህ ስልክ አያነሳም። ይኸው 8 ወር ሞላው። አድራሻውን ሙሉውን ስጽፍ ይከፈታል፣ ጉግል ላይ ግን የቤቱን ስም ብጽፍ እንኳ አይመጣም። አባቴ በየሳምንቱ «ያ ነገር ሰው አመጣ?» ይለኛል። አሁን ደግሞ አንድ ሰው ደውሎ 20 ሺህ ብር ክፈሉኝና በሳምንት አንደኛ ላይ አወጣችኋለሁ አለን። እንክፈል ወይስ ራሴ የምነካው ነገር አለ? ፓስወርዱ እኔ ጋ ነው።

ሸዋ በር
አብሽሪ፣ ብሩን አታውጪ። አንደኛ ለማውጣት ዋስትና የሚሰጥ ሰው እንደሌለ ጉግል ራሱ ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ ላይ ጽፏል።

በስማችሁም ካልመጣ ጉግል ገጹን ጭራሽ አልመዘገበውም ማለት ይመስለኛል። እንዲህ አድርገሽ እይው፦ መፈለጊያው ላይ «ሳይት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊ፣ ኮለን (:) አድርጊ፣ ከዚያ ክፍተት ሳትተዪ አድራሻውን አስከትዪ። የተመዘገበ ገጽ ካለ ይዘረዝርልሻል። ባዶ ከሆነ ዎርድፕሬስ ውስጥ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሪዲንግ ግቢ። ከታች፣ እንደ ጉግል ያሉ መፈለጊያዎች (ሰርች ኢንጂኖች) ገጹን እንዳይመዘግቡ የምታደርግ ትንሽ ሳጥን አለች። ሠሪዎች ሥራው እስኪያልቅ ምልክት ያደርጉባትና ሲጨርሱ ይረሷታል። እኔም ለአክስቴ በሠራሁት ላይ ረስቻት 4 ወር ሙሉ ጉግልን ስረግም ከርሜያለሁ።

የብየዳው ልጅ
ኧረ ጉድ! ባዶ ነው። ሳጥኗም ምልክት አለባት። አሁን አነሳሁላት። ከዚህ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነው?

ሸዋ በር
ድረ ገጽሽ ጉግል ላይ እንዴት እንደሚታይ የምትከታተዪበት ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጉግል መሣሪያ ነጻ ነው፣ እዚያ ተመዝገቢ። ገጹ የእናንተ መሆኑን አረጋግጪ፣ ሳይትማፑን አስገቢ (የገጾችሽ ዝርዝር ነው፣ ዎርድፕሬስ ራሱ ያዘጋጀዋል)፣ ከዚያ የዋናውን ገጽ አድራሻ ከላይ ባለው ሳጥን ከተሽ ይመዝገብልኝ ብለሽ ጠይቂ። ከጥቂት ቀን እስከ ጥቂት ሳምንት ይፈጃል። ደጋግመሽ ብትጫኚው አይፈጥንም።

ቦርከና
እኔ የምለው፣ ኮምቦልቻ ላይ በር ለማሠራት ጉግል የሚከፍት ማን ነው? ሰው ጎረቤቱ ግቢ ያየውን በር ነው የሚያሠራው። ቴሌግራም ላይ ፎቶ ብትለጥፊ ይሻልሻል።

ከጅዳ
ቦርከና፣ ስለ አገር ቤቱ ልክ ነህ። እኔ ግን ጅዳ ተቀምጬ ደሴ ቤት እያሠራሁ ነው፤ በሩን አይቼ እንደሱ የማሠራው ጎረቤት የለኝም። ሌሊት ከሥራ ስገባ ጉግል ላይ ነው የምፈልገው፣ ያውም አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፍኩ። ኮምቦልቻ ስል ደግሞ የሐረርጌዋ ኮምቦልቻም ትመጣብኛለች። ስለዚህ እህቴ፣ «ኮምቦልቻ፣ ወሎ» ብለሽ ጻፊው። አድራሻውን በውስጥ ልከሽልኝ አይቼው ነበር፤ ዋጋውም ስልኩም ፎቶ ላይ ነው የተጻፈው። ቁጥሩን ነክቼ ልደውል ብል እንቢ አለኝ።

ጦሳ
ዋናው እሱ ነው። ፎቶ ላይ የተጻፈን እንደ ጽሑፍ አትቁጠሪው። ለግቢ በር አንድ ገጽ፣ ለመስኮት ሌላ ገጽ ክፈቺ። ርዕሱ «ሆም» ከሚል «የግቢ የብረት በር ሥራ፣ ኮምቦልቻ ወሎ» ይበል። ከሥሩ አባትሽ ለደንበኛ የሚናገረውን አስፍሪ፦ ላሜራው ስንት ሚሊ ነው፣ ሒሳቡ በካሬ ነው ወይስ በቁርጥ፣ ቀለሙ ስንቴ ይቀባል፣ ደሴ ድረስ የመኪናውን የሚከፍለው ማን ነው። ግማሽ ቀን አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ሰዎች የሚጠይቁትን በራሳቸው ቃል ጻፊ። ቁልፍ ቃል (ሰው ሲፈልግ ጉግል ላይ የሚጽፈው) የሚባለው እሱ ነው።

ፊደሉንም አስቢበት። «ሥራ»ን በንጉሡ ሠ የሚጽፍ አለ፣ በእሳቱ ሰ የሚጽፍም አለ፤ ጉግል ሁልጊዜ እንደ አንድ ቃል አያያቸውም። ርዕሱ ላይ አንዱን፣ ጽሑፉ ውስጥ ሌላውን ጣል አድርጊ፣ በእንግሊዝኛ ፊደልም አንድ ቦታ ጻፊው። ግን አንድ ቃል ሃያ ጊዜ መደርደር ይጎዳሻል። ኪይወርድስ የሚለውን የተደበቀ ቦታ ለመሙላትም አትድከሚ፣ ጉግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በፈረንጆቹ 2009 ተናግሯል። ፎቶውን ደግሞ ከስልክ እንደወጣ አትጫኚ፣ አሳንሺው፤ የሰው ካርድ ይበላል።

ሐይቅ መንገድ
ካርታውን ረሳችሁት። ቤቱን ጉግል ካርታ ላይ የሚያሳየውን ጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ክፈቺ፣ እሱም ነጻ ነው። ለማረጋገጥ ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ይጠይቃል፦ መንገዱን፣ ታፔላውን፣ የብየዳ ማሽኑን ሳታቋርጪ በአንዴ ቅረጪ። ስሙ ታፔላው ላይ እንዳለው ይሁን። «ምርጥ በር ኮምቦልቻ» ምናምን ብለሽ ከቀጠልሽበት ሊያግዱት ይችላሉ።

የብየዳው ልጅ (ከ11 ቀን በኋላ)
በስማችን ስፈልግ መጣ! አባቴን ጠርቼ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ትንሽ አየና «ይሄ በር ተጣሞ ነው የተነሳው፣ ፎቶውን ቀይሪ» አለኝ። «የብረት በር» ብዬ ስፈልግ ገና የለንም። የግቢ በሩን ገጽ ግን ጽፌ ጨረስኩ፣ ስልኩንም በጽሑፍ አደረግሁት፣ ጅዳ ያለው ወንድሜ ነክቶ ይሞክርልኝ። የካርታውን ቪዲዮ ዛሬ ልቀርጽ ወጥቼ ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ማሽኑ አልሠራ አለ። ነገ ጠዋት።