የአራት ኪሎው ሥዕሌ አናቱ ላይ ተጨማደደብኝ፤ እርዱኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ለ5ኛ ክፍል ልጆች የኦንላይን ትምህርት የሚሆን የ360 ዲግሪ ሥዕል እየሠራሁ ነው። ተማሪው አራት ኪሎ አደባባይ መሀል ቆሞ ዙሪያውን ያያል። ሐውልቱን ሲነካ የሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ታሪክ ይከፈትለታል። ሐሳቡ እንዲህ ቀላል ነበር።

የሣልኩት ክሪታ በሚባለው ነጻ የሥዕል ፕሮግራም ነው፣ በ8192 በ4096 ፒክስል። ጠፍጣፋው ሥዕል ሲከፈት በተማሪው ዙሪያ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። መጀመሪያ ያስቸገረኝ ግራና ቀኙ የሚገጥምበት መስመር ነበር። አንድ ሚኒባስ ለሁለት ተቆርጦ፣ የፊቱ ግማሽ ከኋላው አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቁጭ! ሥዕሉን በግማሽ ወደ ጎን ገፍቼ፣ ስፌቱን መሀል ላይ አምጥቼ ሣልኩበትና ተገላገልኩ።

አሁን ያቃተኝ ላዩና ታቹ ነው። ሰማዩ አናት ላይ እንደ ከረጢት አፍ ይቋጠራል። ከእግር ሥር ያለው ንጣፍም ወደ አንድ ነጥብ ይሸበሸባል። ደመናውን አጥፍቼ ሰማዩን ባዶ ሰማያዊ አደረግኩት፤ ይሄ ግን ማምለጥ ነው። መሬቱን ባዶ ማድረግ አልችልማ። ወደ ስድስት የኩብ ገጾች (እንደ ሣጥን አራት ጎን፣ ላይና ታች) ቀይሬ፣ ላይና ታቹን ለብቻ ሥዬ ልመልሰው? የሞከረ ሰው በየትኛው ነጻ ፕሮግራም እንደሚቀየር ይንገረኝ።

ሌላም አለ። ላፕቶፔ ላይ የሚከፈተው ሥዕል በእህቴ ልጅ አሮጌ ስልክ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ወደ 4096 በ2048 ሳወርደው ከፈተ፤ ግን ጽሑፉ ደበዘዘ፣ «ነ»ን ከ«ኘ» መለየት አይቻልም። ጽሑፉን ከሥዕሉ አውጥቼ በላዩ ለብቻ ላስቀምጠው ወይስ ሥዕሉን ልቆራርጠው? የማስረክበው ዓርብ ነው።