አዲስ ቀላል ባቡር ከተማ ከገባ በኋላ ሰው እስኪጭን ምን ይደረግበታል? ሐረጎንስ ይወጣ ይሆን?

ሰኞ ገበያ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሰኞ ገበያ ጨርቅ የምሸጥ እናት ነኝ። ዕቃዬ የሚራገፈው ኮምቦልቻ ስለሆነ በመካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድና ስወጣ ኖሬአለሁ። ልጄ አዲስ አበባ አያት ተከራይታ ትኖራለች። በስልክ ስንጫወት «አዲስ ባቡሮች ቢጨመሩ በማግሥቱ ሁሉም ነገር ይቀል ነበር» አለችኝ። «በማግሥቱ» ያለችው አልተዋጠልኝም፤ አንድ አውቶቡስ እንኳ ከወደብ መጥቶ ሰሌዳ እስኪያወጣ ስንት ነገር አለው! የምታውቁ አስረዱኝ፤ ባቡሩ ከመርከብ ወርዶ ሰው እስኪጭን ድረስ ምን ይደረግበታል? ሌላው ጥያቄ ዓመታት በልቤ የኖረ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ እንዲህ ያለ ባቡር መዘርጋት ይቻላል ወይስ ቁልቁለቱ አይፈቅድም?

የቦርከና ልጅ
እናቴ፣ አብሽሩ፤ መልስ አለው። ኮምቦልቻ ነው ያደግሁት፤ ሙያዬ የባቡር ኤሌክትሪክ ጥገና ነው።

የአዲስ አበባዎቹ 41 ተሽከርካሪዎች ቻይና ውስጥ ቻንግቹን ላይ ተሠርተው በባሕር መጡ። አዲሱ የጅቡቲ ሐዲድ ያን ጊዜ ሥራ ስላልጀመረ ከወደብ ያደረሷቸው ከባድ መኪናዎች ናቸው። የሙከራ ጉዞው በ2007 ዓ.ም. አጋማሽ ተጀመረ፤ ሕዝብ የተሳፈረው ግን መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ያውም በሰሜን ደቡቡ መስመር ብቻ፤ የአያቱ መስመር ከዚያ በኋላ ነው የተከተለው።

በመካከል ያለው ሥራ ብዙ ነው። መጀመሪያ በቆመበት በሩ፣ ፍሬኑ፣ ባትሪው፣ ከጣሪያው ላይ ከሽቦው ኃይል የሚቀበለው ክንድ አንድ በአንድ ይፈተሻል። ቀጥሎ ሕዝብ በሌለበት ሰዓት በቀስታ ይነዳል፤ ጎኑ ከመድረኩ ጠርዝ ጋር እንዳይተሻሽ ይታያል። ከዚያ ፍጥነቱ ከፍ እየተደረገ ፍሬኑ በድንገት ይያዛል። ባዶውን የቆመ ባቡር ሰው ሞልቶ ላይቆም ስለሚችል በተሳፋሪ ክብደት ልክ ጭነት ተጭኖ ይደገማል። ነጂዎቹም የሚሠለጥኑት በዚሁ ጊዜ ነው። ያለ ብልሽት በቂ ርቀት ሳይሮጥ ተረከብሁ ብሎ መፈረም የለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከፊርማው በኋላ ያለው ነው። አዲስ ባቡር ሲገባ ሁሉም ፎቶ ያነሳል፤ አብሮት መምጣት ስለሚገባው የመለዋወጫ ሣጥን የሚጠይቅ ግን የለም። የብረት መንኮራኩሩ ጠርዝ በጠመዝማዛ ሐዲድ ላይ ይበላል። በማሽን እየተላገ ቅርጹ ይስተካከላል፣ በየጊዜው እየቀጠነ ይሄዳል፣ ወሰኑ ላይ ሲደርስ መለወጥ ግድ ነው። ኃይል በሚቀበለው ክንድ ጫፍ ያለው ካርቦንም ከሽቦው ጋር ሲፋተግ ያልቃል። ይህ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ከ41ዱ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት መቆማቸው በይፋ ሲነገር የሰማነው ነው። ሐዲዱ አለ፣ ሽቦው አለ፣ ተሳፋሪው አለ! ለልጅዎ ንገሯት፤ አዲስ ከማዘዝ በፊት የቆመውን ማስነሳት ይቀድማል። አዲስ የሚታዘዝ ከሆነም የዓመታት መለዋወጫ በውሉ ውስጥ ይግባ።

ሚኒባስ ነጂ
ስለ ሣጥኑ የተናገርኸው እውነት ነው፤ የእኛም መኪና የሚቆመው በዕቃ ነው። ሐረጎን ግን እኔ አውቀዋለሁ። ሐምሌ ላይ ጭጋጉ ሲወርድ ከፊት ያለው መኪና መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው። ጎማ እንኳ በሚያንሸራትተው መንገድ ብረት በብረት ላይ እንዴት ይቆማል? ሰው ጭኖ! ይህን ሳትመልስልኝ አልቀበልህም።

የቦርከና ልጅ
ጋሼ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ልዩነቱን ለ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብናካፍለው በየ100 ሜትሩ 3 ሜትር አይሞላም። ቀላል ባቡር ደግሞ በ100 ሜትር 6 ሜትር ያህል ይወጣል። ችግሩ አማካዩ አይደለም፤ መንገዱ አንድ ቦታ አቀበቱ በርትቶ ሌላ ቦታ መጠማዘዙ ነው።

ለእርጥብ ሐዲድ ባቡሩ ደረቅ አሸዋ ይዞ ይሄዳል፤ ከመንኮራኩሩ ፊት ሲረጨው ብረቱ ይይዛል። ለድንገተኛ ጊዜ ሐዲዱን በቀጥታ የሚይዝ የማግኔት ፍሬን አለው። ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ ራሱ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ይገታዋል።

ብዙ ሰው የማያነሳው ደግሞ ከፍታው ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ በተለምዶ የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ዕቃው ቶሎ ይግላል፣ ኤሌክትሪክ እንዳያፈተልክ የሚከለክለው መከላከያም ይዳከማል። ለደሴ የሚታዘዝ ባቡር ይህ ከፋብሪካው ጀምሮ ካልታሰበበት ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል።

ስለዚህ አይቻልም አልልም። ግን የአዲስ አበባው 34 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ሐረጎ ላይ ድልድይና ዋሻ ይጨመርበታል፤ አፈሩም የሚንሸራተት ነው። ያን ገንዘብ እኔ ለዚህ አላወጣውም።

የሐይቅ ተማሪ
ስለሌለው ባቡር ስናወራ የተጀመረውን ለምን እንረሳለን? ከአዋሽ በኮምቦልቻ አልፎ ወልድያ አጠገብ ሀራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር መስመር እኮ ተጀምሮ አለ! የቱርኩ ተቋራጭ ያፒ መርኬዚ ግንባታውን የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ በኋላ ጦርነቱ ጎዳው። አዋሽ ላይ ከጅቡቲው መስመር ጋር ይገናኛል። ለወሎ ሕዝብ ይህ ቢንቀሳቀስ ከየትኛውም አዲስ ባቡር ይበልጣል።

የቦርከና ልጅ
ወንድሜ፣ ልቤን ነው የተናገርኸው።

ሰኞ ገበያ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አላህ ያክብራችሁ። አሸዋውን ስሰማ ደነቀኝ። ለልጄ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። እንግዲህ የአዋሹ መስመር ሥራ ከጀመረ ጨርቄ ከጅቡቲ ኮምቦልቻ በሐዲድ ይገባል ማለት ነው፤ ከዚያ ደሴ ድረስ ያለውን ለነጂው ወንድማችን ትቼለታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ እንደ እኔ ያለ ትንሽ ነጋዴ ሙሉ ኮንቴይነር አይሞላም። የብዙ ሰው ዕቃ በአንድ ተጭኖ በባቡር የሚመጣበትን አሠራር የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ።