የፊዚክስ ሞዴል 28 አመጣሁ፣ የአክስቴ ልጅ ሐረር ላይ 33 አመጣ፤ ከማትሪክ በፊት ምን ላስተካክል?

ሳቢያን ናቹራል (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ የ12ኛ ክፍል ናቹራል ተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤታችን ሞዴል ፈትኖን ፊዚክስ ከ50 ጥያቄ 28 አገኘሁ። ሐረር የሚማረው የአክስቴ ልጅ በእነሱ ሞዴል 33 አምጥቷል፤ ቤት ውስጥ አሁን የሚወራው ይኸው ነው፣ እናቴም «እሱ እንዴት በለጠሽ?» ትለኛለች። እውነት ከሱ ወደኋላ ቀርቻለሁ? ፊዚክስ ከግማሽ በታች ባመጣስ ጠቅላላ ወደቅኩ ማለት ነው? ደግሞ ያለ ካልኩሌተር ስሌቱ ጊዜ ይበላብኛል። ዘዴ ያላችሁ እርዱኝ።

የከዚራ ልጅ
የመጨረሻውን ልመልስልሽና ሌላውን ለሚያውቁት ልተው። እኔ ኢንጂነሪንግ ነኝ፤ ጊዜ የሚበላው ቁጥሩን በረጅሙ መጻፍ ነው። ሁሉንም በ10 ኃይል ጻፊው። ለምሳሌ የ2 ማይክሮ ኩሎምና የ4 ማይክሮ ኩሎም ቻርጆች በ0.3 ሜትር ተራርቀው በመካከላቸው ያለውን ኃይል ፈልጊ ቢሉሽ፣ ማይክሮ 10⁻⁶ ስለሆነ የሁለቱ ብዜት 8×10⁻¹² ነው፤ 0.3ን 3×10⁻¹ በይው። ስኩዌሩ 9×10⁻² ይሆናል። የኩሎም ቋሚ 9×10⁹ ስለሆነ 9 በ9 ይጣፋል፤ የሚቀርሽ 8×10⁻¹፣ ማለትም 0.8 ኒውተን ነው። ረጅም ማባዛት አልነበረበትም። ፈተና አውጪዎች ብዙ ጊዜ እንዲጣፋ አድርገው ነው ቁጥር የሚመርጡት፤ ስለዚህ ሳታጣፊ ማባዛት አትጀምሪ። የ30፣ የ45 እና የ60 ዲግሪ ሳይንና ኮሳይን ደግሞ ሳታስቢ የሚመጡልሽ ይሁኑ።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የልጁ 33 ከስንት ነው?

ሳቢያን ናቹራል (ጠያቂ)
አሁን ደውዬ ጠየቅኩት። ከ60 ነው አለኝ። የእነሱ ፈተና ከ12ኛ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ብቻ ነው የያዘው፤ የእኛ ግን የ11ኛንም ጨምሮ ነበር።

መምህር ከሸዋ በር
እኔ ሐረር ፊዚክስ አስተምራለሁ። ልጄ፣ 33 ከ60 ማለት 55 በመቶ ነው። ያንቺ 28 ከ50 ደግሞ 56 በመቶ። ይህን ለእናትሽ አሳያቸው፤ አንቺ ግን በ1 በመቶ በለጥኩት ብለሽ አትያዢው። ጥያቄው ሌላ፣ ምዕራፉ ሌላ፣ ያወጣው መምህርም ሌላ ነው። እንዲህ ያሉ ሁለት ውጤቶችን ጎን ለጎን አድርጎ ልጅ መመዘን አይቻልም። አንድ ዓይነት ወረቀት በአንድ ዓይነት ሰዓት ከሠራችሁ ያኔ ማወዳደሩ ትርጉም ይኖረዋል።

ያም ሆኖ 28 ራሱ ምን እንደሆነ መረዳት አለብሽ። አራት ምርጫ ባለው ፈተና ምንም የማያውቅ ሰው ከ50 ጥያቄ በግምት ብቻ 12 ወይም 13 ያገኛል። የምታውቂውን ሠርተሽ ሌላውን ሁሉ ገምተሽ ከነበረ፣ 28 ማለት ወደ 21 የሚሆነውን በትክክል አውቀሽ 7 ያህሉ በግምት ገጥሞልሻል ማለት ነው። ግምቱ ብቻውን በሌላ ቀን ሁለትና ሦስት ጥያቄ ሊጨምርልሽ ወይም ሊቀንስብሽ ይችላል። ስለዚህ ከጓደኛ ጋር በሁለት ጥያቄ ተበላለጥን ብሎ መጨነቅ ዋጋ የለውም። ከዛሬ ጀምሮ ሞዴል ስትሠሪ የገመትሽው ጥያቄ አጠገብ «ግ» ብለሽ ምልክት አድርጊ። ስትታረሚ ትክክል የሆነውንም ግምት እንዳላወቅሽው ቁጠሪው። እኔ ተማሪዎቼን የማየው በዚያ ቁጥር ነው።

ለገሀሬ 2017 ተፈታኝ
ስለ ማለፊያው፦ የሚታየው ድምሩ ነው። ናቹራል ላይ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲቲዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ አሉ፤ ከ600 ነው፣ ግማሹ 300። ፊዚክስ 45 መጥቶልሽ ባዮሎጂ 60 ብታመጪ ይካካሳል። ግን ቀላል ነው ብዬ እንዳላታልልሽ፤ በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ትምህርት ጥለሽ በሌላው እሞላለሁ ብለሽ አትግቢ።

በኦንላይን የምትፈተኚ ከሆነ ጥያቄውን ከስክሪን እያነበብሽ በወረቀት ማስላትን አሁኑኑ ተለማመጂ። ዓይን ወዲያና ወዲህ ሲል ቁጥር መሳሳት ይመጣል። ደግሞ ባዶ የተወሽው ጥያቄ አይኑር፤ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም።

ጀማል የደንገጎ ሾፌር ልጅ
አቦ፣ እኔ ፎርሙላ ሸምድጄ አልገባኝም ነበር፤ ዳይናሚክስ የገባኝ በአባቴ ሚኒባስ ነው። ከድሬ ወደ ሐረር ደንገጎን ስትወጪ መኪናው ቀጥ ባለው ዳገት ላይ በማይለወጥ ፍጥነት ከወጣ ጠቅላላ ኃይሉ ዜሮ ነው፣ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢጮህ። ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ ግን ቆጣሪው ያው 40 እያለም አክሰለሬሽን አለ፣ ወደ መዞሪያው መሐል። «ፍጥነቱ አልተለወጠም» የሚል ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው ወይስ የሚዞር ብለሽ ጠይቂ።

ፍሉይድም እንደዚሁ ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ውኃው ከቧንቧው 5 ሜትር ከፍ ካለ ግፊቱ 1000×10×5፣ 50,000 ፓስካል ነው። ሮቶው ሰፊ ይሁን ጠባብ ለግፊቱ ለውጥ የለውም። ይህን ብዙ ልጅ ይሳሳተዋል።

የሦስት ልጆች እናት፣ መጋላ
ስለ ትምህርቱ እነሱ ይንገሩሽ የኔ ልጅ። በእኛ ሙቀት ከቀትር በኋላ ፊዚክስ ይዞ መቀመጥ ራስን ማድከም ነው። ልጆቼ ስሌት የሚሠሩት ከንጋት በፊት ነው፤ ቀን ላይ ማንበብ ብቻ። እናትሽንም አትቀየሚያቸው፤ ጭንቀታቸው ነው። የመምህሩን ስሌት አሳያቸው።

ሳቢያን ናቹራል (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ እማማ። መምህር፣ ወረቀቴን እንዳሉኝ ለያየሁት። ከተሳሳትኳቸው 22ቱ 9ኙ ዘዴው ገብቶኝ ስሌት ላይ የወደቅኩባቸው ናቸው። 8ቱ ኤሌክትሮማግኔቲዝም ናቸው፤ እነሱን ጭራሽ አላውቃቸውም። የቀሩት ከየቦታው ናቸው። «ግ» ያደረግኳቸው ትክክል የሆኑት ደግሞ 6 ናቸው።

መምህር ከሸዋ በር
ጎበዝ። እንግዲህ የሁሉንም ምዕራፍ ሾርት ኖት ከመጀመሪያ መጀመር አያስፈልግሽም። ስሌቱን የከዚራው ልጅ እንዳሳየሽ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሥሪ፤ ዋናውን ጊዜሽን ለኤሌክትሮማግኔቲዝም ስጪው። እዚያ ምዕራፍ ላይ ተማሪ የሚጠፋው አቅጣጫ ላይ ነው። የማግኔት ኃይል ሁልጊዜ ከፍጥነቱ አቅጣጫ ጋር የ90 ዲግሪ ማዕዘን ይሠራል፤ ስለዚህ ቅንጣቱን ያዞረዋል እንጂ አያፈጥነውም፣ ሥራም አይሠራበትም። ከዚህ አንድ ሐሳብ ብዙ ጥያቄ ይመለሳል።

እስቲ ይህን ሥሪልኝ፦ ፕሮቶን ወደ ማግኔት መስክ በ90 ዲግሪ ገብቶ ክብ ይዞራል። ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምር ሬዲየሱና አንድ ዙር የሚፈጅበት ጊዜ ምን ይሆናሉ?

ሳቢያን ናቹራል (ጠያቂ)
ሬዲየሱ mv ለ qB (ማስ በፍጥነት ተባዝቶ፣ ለቻርጅና ለማግኔት መስክ ብዜት ሲካፈል) ስለሆነ እጥፍ ይሆናል። መንገዱም ፍጥነቱም እጥፍ ስለሆኑ ጊዜው አይለወጥም።

መምህር ከሸዋ በር
ትክክል ነው። በፕሮቶኑ ፋንታ ኤሌክትሮን በተመሳሳይ ፍጥነት ቢገባስ? የሚዞረው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ማሱ ከፕሮቶን 1,836 ጊዜ ያህል ስለሚያንስ ሬዲየሱም በዚያው ልክ ያንሳል። ቀጥሎ የሌንዝን ሕግ (የሚፈጠረው ከረንት የፈጠረውን ለውጥ ይቃወማል የሚለውን) አንብቢና ማግኔት ወደ ጥቅል ሽቦ ሲቀርብና ሲርቅ ከረንቱ ወዴት እንደሚዞር ሥለሽ እዚሁ ጻፊልኝ። የአክስትሽን ልጅም ጥሪው፤ አንድ ወረቀት አዘጋጅቼ ለሁለታችሁም እሰጣለሁ።