በመርፌ ቁልፍ ላይ የማስረው ቢራቢሮ ክንፉ እየዞረ አስቸገረኝ

የክር ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ትርፍ ጊዜውን የሚያሳልፈው ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆኑ ሰው ሠራሽ ዝንቦች በማሰር ነው። ላባና ክር ይዞ መንጠቆው ላይ ሲያጎነብስ ከጎኑ ሆኜ እያየሁ ነው ያደግኩት። አሁን የእህቴ ልጅ 7 ዓመት ሊሞላት ነው። ለእሷና ለ11 ጓደኞቿ ደረታቸው ላይ የሚያደርጉት የላባ ቢራቢሮ ልሠራላቸው አሰብኩ። መንጠቆ ለልጅ ስለማይሆን በመርፌ ቁልፍ ተካሁት።

3 ሠርቼ ሦስቱም ተበላሹ። አንደኛው ላይ ክሩን በሁለቱም ሽቦዎች ዙሪያ ጠመጠምኩትና መርፌ ቁልፉ አልከፈት አለ። ሁለተኛው ሲያዩት ያምር ነበር። ልብሴ ላይ ሳደርገው ግን ክንፎቹ ዞረው ወደ ሆዱ ሥር ገቡ። ባቃናውም ተመልሶ ይዞራል። የሦስተኛው ክር መጨረሻው ላይ ተፈታና ላባው በሙሉ እጄ ላይ ቀረ።

መርፌ ቁልፉ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክሩ ተራ የስፌት ክር ነው። ሞርሳ የለኝም፣ በእጄ ይዤ ነው የማስረው። እባካችሁ ምን ላድርግ?

ዓሣ አጥማጁ

እህቴ፣ ችግሩ ላባውን በቀጥታ ብረቱ ላይ ማሰርሽ ነው። የመርፌ ቁልፍ ሽቦ ክብና ልሙጥ ስለሆነ ክር አይዝለትም። ላባው የሚታሰረው ክር ላይ ነው፣ ክሩ ደግሞ ብረቱ ላይ። ስለዚህ መጀመሪያ አልጋ አንጥፊለት።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። መርፌ ቁልፉን ከፍቼ የማይንቀሳቀሰውን ሽቦ፣ ማለትም ከቆቡ ጋር የተያያዘውን፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሁለት ሦስት ጊዜ አሸዋለሁ። ብልጭታው ከጠፋ ይበቃል። ከዚያ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም በስሱ እቀባለሁ። ሳይደርቅ ክሩን ጎን ለጎን አስጠግቼ እጠመጥማለሁ፤ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሄጄ በዚያው ላይ እመለሳለሁ። ክሩን ቀድመሽ በሻማ ሰም ላይ ብታሳልፊው ደግሞ እርስ በርሱ ይያያዛል። ሲደርቅ በጣትሽ አዙሪው። ከዞረ አፍርሰሽ እንደገና ጀምሪ። ክንፍ ካሰርሽበት በኋላ የሚስተካከል ነገር የለም።

በቆቡም በጥቅልሉም በኩል ትንሽ ባዶ ቦታ ተዪ። ክሩ ቆቡ ውስጥ ከገባ መርፌው በደንብ አይዘጋም።

ላባ ለቃሚ

ወንድሜ ያለው ልክ ነው። እኔ ስለ ክንፉ ልጨምር።

ቢራቢሮ 4 ክንፍ ነው ያላት፤ አራቱም ከደረቷ ነው የሚወጡት። ብዙ ሰው በሰውነቷ ርዝመት ሙሉ ይበትናቸውና ወፍ ወፍ ትመስላለች። የኋለኞቹን ሁለቱን አስቀድመሽ እሰሪ፤ የፊተኞቹ በላያቸው ትንሽ ተደርበው ይምጡ። አራቱ የሚታሰሩበት ቦታ ከሩዝ ፍሬ ባይረዝም ደስ ይለኛል።

ላባውን ጥንድ ጥንዱን ምረጪ። ወደ ቀኝ የጎበጠ ካለ ወደ ግራ የጎበጠ አቻውን ፈልጊለት። ከሥሩ ያለውን ለስላሳ ጸጉር ገፍፈሽ አገዳውን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቁቱን አስቀሪው። አሁን ዋናው ነገር፦ ያንን ራቁት አገዳ በጥፍርሽ ተጫኚና ጠፍጣፋ አድርጊው። ክብ አገዳ በክር ሥር እንደ እርሳስ ይንከባለላል፤ የተጨፈለቀ ግን አይንቀሳቀስም። በ4 ዙር ካሰርሽው በኋላ የተረፈውን ጫፍ ወደ ኋላ እጠፊና በላዩ ደግመሽ እሰሪው። እንዲህ የታጠፈ ላባ ቢጎትቱትም አይወጣም። በመጨረሻ በግራና በቀኝ ክንፎች መካከል ክሩን በመስቀል አሳልፊ፤ ክንፎቹን የሚዘረጋቸው እሱ ነው።

ክንፉን በመቀስ ማስተካከል አልወድም። የተቆረጠ ጠርዝ ያስታውቃል። ልኩን ላባ መፈለግ ይሻላል።

አያት ነኝ

ልጄ፣ በእጅ ይዞ ማሰር ያደክማል፣ መርፌውም ይወጋል። ሞርሳ ባይኖርሽ ፒንሳ ይበቃሻል። ጥቅልሉን በፒንሳው አፍ ያዢና እጀታውን በላስቲክ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው። የመርፌውን ሹል ጫፍ ላጲስ ውስጥ ሰክተሽ አስቀምጪ፤ እስክትጨርሺ አታውጪው።

ክሩ የተፈታብሽ በአንድ ቋጠሮ ስለጨረስሽው ይመስለኛል። ሌላ አጭር ክር እጠፊና ቀለበቱ ወደ አንድ በኩል ወጣ እንዲል አድርገሽ ሥራው ላይ አስተኚው። በላዩ ዋናውን ክር 5 ወይም 6 ጊዜ ጠምጥሚ። ከዚያ የክሩን ጫፍ በቀለበቱ ውስጥ አሳልፊና የታጠፈውን ክር ሁለት ጫፎች ሳቢ። ዋናው ክር በራሱ ጥምጥም ሥር ገብቶ ይቀበራል፤ ቋጠሮ የሚባል ነገር አይታይም። የተረፈውን ቁረጪና አንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም ጣል አድርጊበት።

ክርና መርፌ

እኔ በሱፐር ግሉ ነው የምጨርሰው። ቶሎ ይደርቃል።

ላባ ለቃሚ

እህቴ፣ ብረቱ ላይ ግድ የለም። ላባ አጠገብ ግን አልመክርም። ጭሱ ላባው ላይ ነጭ ብናኝ ይተዋል፣ ጥቁር ክንፍ ላይ ደግሞ በጣም ያስታውቃል። 12 ቢራቢሮ ተሠርቶ እንደዚያ ቢሆን ያሳዝናል።

የመንታ እናት

ሥራው ደስ ይላል፣ ግን አንድ ነገር አደራ። ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አትስጪ። ላባውም የሚለጠፍ ዶቃ ካለም አፋቸው ውስጥ ነው የሚገባው፣ መርፌውም ይከፈታል። የ7 ዓመት ልጆችም ቢሆኑ ትልቅ ሰው ያድርግላቸው። ታናናሾች ቤት ውስጥ ስላሉ ለወላጆቹም ንገሪያቸው። ከመስጠትሽ በፊት እያንዳንዱን ክንፍ ያዝ አድርገሽ ሳቢ፤ የሚላቀቅ ካለ አንቺ እጅ ላይ ይላቀቅ። ቆቡ ላላ ያለ መርፌ ቁልፍ ካገኘሽም ጣዪው።

የክር ልጅ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ማታ አራተኛውን ሠራሁ። አልጋውን አንጥፌ፣ አገዳውን ጨፍልቄ፣ እንዳላችሁት በመስቀል አሰርኩ። ክንፉን ስይዘው ሽቦው ራሱ አብሮ ዞረ እንጂ ክንፉ ንቅንቅ አላለም! አባባ፣ የቀለበቷን ዘዴ አባቴም ያውቃት ነበር፤ ሲሠራ አይቼ ምን እንደሆነ ሳልጠይቀው ቀርቻለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ጭንቅላቱ በየት በኩል ይሁን? አንቴናውስ? በክር ሠራሁትና ተልፈሰፈሰ።

አያት ነኝ

ጭንቅላቱ በቆቡ በኩል ይሁን ልጄ፤ ቆቡ ራሱ ጭንቅላት ይመስላል። ልብስ ላይ ሲደረግ መርፌ ቁልፉ ቁልቁል ይቁም፣ አግድም ከሆነ ቢራቢሮዋ በጎኗ የተኛች ትመስላለች።

ላባ ለቃሚ

ለአንቴናው ሁለት ቀጫጭን ላባ ወስደሽ ጸጉሩን በሙሉ ግፈፊ፣ አገዳው ብቻ ይቅር። እሱ አይልፈሰፈስም። ጫፉን የጥፍር ቀለም ውስጥ ነከር አድርገሽ ሲደርቅ ድገሚው፤ ትንሽ ጉብ ይላል። የቢራቢሮ አንቴና ጫፉ ላይ እንደዚያ ነው የሚወፍረው። ጸጉሩን ከተውሽው የእሳት እራት ትሆንብሻለች። ከክንፎቹ በፊት እሰሪው፣ በኋላ ቦታ አታገኚም።

የክር ልጅ (ጠያቂ)

ገባኝ። አምስተኛውን ከአንቴናው እጀምራለሁ።