አስቸኳይ፦ መብራት የለም፣ የእናቴ ኢንሱሊን ማሰሮ ውስጥ ነው፣ ማሰሮው ግን አይቀዘቅዝም

የሎጊያው (ጠያቂ)፣ ከቀኑ 7፡10
ሰላም ቤተሰብ። የሚያውቅ ካለ ቶሎ ይመልስልኝ። አፋር፣ ሎጊያ ነን። ትናንት ማታ 2 ሰዓት ላይ ትራንስፎርመሩ ፈንድቶ እስካሁን መብራት የለም። እናቴ ስኳር አለባት። ፍሪጅ ውስጥ አራት ያልተከፈተ ብልቃጥ ኢንሱሊንና አንድ የተጀመረ ነበር። ጠዋት ፍሪጁ ሞቆ ስላገኘሁት ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት አደረግኩ። ትልቅ ማሰሮ፣ ውስጡ ትንሽ ማሰሮ፣ መሀሉ ላይ እርጥብ አሸዋ። ቪዲዮው ላይ ቲማቲም ስንት ቀን ሳይበላሽ ይቆያል። የኔ ግን ሦስት ሰዓት ቆይቶ ውስጡ 36 ዲግሪ ነው፣ ቤቱ 39። ምን አጠፋሁ? ስልኬ 22 ፐርሰንት ነው።

ቀልድ አያልቅበት፣ 7፡14
በሎጊያ ሙቀት ማሰሮ ውስጥ መግባት ያለበት ሰው ነው። አሸዋውን ጨምርና አብረህ ግባ።

ገመቹ ኤሌክትሪክ፣ 7፡16
በረዶ ግዛ። ኮካ የሚሸጡበት ቤት በረዶ አይጠፋም። ብልቃጦቹን በረዶው መሀል ቅበራቸው፣ አለቀ።

ፋርማሲስቷ፣ 7፡19
እባክህ ብልቃጥ በረዶ ላይ አታስቀምጥ! ኢንሱሊን ከሙቀት ይልቅ በረዶ መሆንን ነው የማይችለው። አንዴ በረዶ ከሠራ፣ ቢቀልጥም አይመለስም፣ ይጣላል። በረዶ ካገኘህ በፌስታል አድርገህ፣ በፎጣ ወፍራም አድርገህ ጠቅልለህ፣ በብልቃጡና በበረዶው መሀል ክፍተት ትተህ ብቻ ነው። አሁን ግን እሱ አይደለም የሚያስጨንቀኝ። እናትህ ዛሬ ጠዋት ተወግተዋል?

ሁሉን አዋቂ፣ 7፡21
ወንድሜ፣ ከመሠረቱ እንጀምር። ማሰሮ የሚቀዘቅዘው አሸዋው ስለቀዘቀዘ አይደለም። ውሃው በሸክላው ቀዳዳዎች ሾልኮ ወጥቶ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ወደ 2,400 ኪሎጁል ይወስዳል። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ የሚወስደው 334 ነው። ስለዚህ በትነት የሚጠፋ አንድ ሊትር ውሃ የሰባት ኪሎ በረዶ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ናይጄሪያዊው መምህር ሞሐመድ ባህ አባ በዚሁ የሁለት ማሰሮ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2000 የሮሌክስ ሽልማት አግኝቶበታል። ነገሩ ግን ከዚያም በፊት ነበረ። የአፋር ግመል ነጂ የፍየል ቆዳ ስልቻውን ግመሉ ጎን ላይ የሚያንጠለጥለው ለጌጥ መሰላችሁ? የሳይንሱ ዓለምም አሁን ያለው እዚሁ ቀዳዳ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. የ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ለኪታጋዋ፣ ለሮብሰንና ለያጊ የተሰጠው በብረታ ብረትና በካርቦን ውህድ ለተሠሩ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ለሆኑ ነገሮች ነው። የያጊ ቡድን በዚሁ ዓይነት ነገር ከበረሃ አየር ውሃ አውጥቷል። ሸክላ ደግሞ...

ቀልድ አያልቅበት፣ 7፡23
ሁሉን አዋቂ፣ ሰውየው 22 ፐርሰንት ነው ያለው። አንተን አንብቦ ሲጨርስ 4 ነው።

የሎጊያው (ጠያቂ)፣ 7፡26
@ፋርማሲስቷ አልተወጋችም። መድኃኒቱ ተበላሽቷል ብለን ፈራን። የተበላሸ ከሚገባባት ብለን ነው። ሌላ የምገዛበት ፋርማሲ የለም፣ ያለውም ዘግቷል።

ፋርማሲስቷ፣ 7፡29
ይሄን ነው መጀመሪያ መጻፍ የነበረብህ። ማሰሮውን ለጊዜው ተወው። ስኳራቸውን አሁኑኑ ለካ። ማስታወክ፣ በጥልቀትና በፍጥነት መተንፈስ፣ የሆድ ሕመም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ፣ መልስ አትጠብቅ። ደህና ከሆኑ የቀረውን የጠዋት መጠን ከማታው ጋር ደርበህ እንዳትሰጥ። የሚከታተሏቸውን ባለሙያ ደውለህ ጠይቅ። ፍሪጅ ሳይሠራ ካደረ መድኃኒት ይልቅ ያልተወጋ መርፌ ነው ሰው የሚጎዳው።

ብልቃጡን ብርሃን ላይ አድርገህ እየው። ጥርት ያለው ዓይነት ከደፈረሰ ጣለው። ደመናማው (ኤንፒኤች የሚባለው) በእጅህ መዳፍ ቀስ ብለህ ስታንከባልለው እኩል ነጭ ካልሆነ፣ ጓል ካለው ወይም ብርጭቆው ላይ እንደ ውርጭ ከለጠፈ እሱም ይጣላል። እንዳታናውጠው። ሙቀትና መንቀጥቀጥ አንድ ላይ ሲሆኑ ኢንሱሊኑ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ክር ይሠራል፣ ክር የሠራ ኢንሱሊን ደግሞ አይሠራም። ዓይን ሁሉንም እንደማያይ ግን እወቅ። ለዚያ ነው ስኳሩን ለካ ያልኩህ።

ሐኪም ያልሆነው፣ 7፡33
እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ማሰሮ ለምን አስፈለገ? ኢንሱሊን በአንድ ሌሊት አይበላሽም። እ.ኤ.አ. በ2021 ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ያወጡት ጥናት አለ። ኬንያ ዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ ቤት ውስጥ ያለውን ሙቀት ለኩ። ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ሲዋዥቅ አገኙት። ያንኑ ላብራቶሪ ውስጥ አስመስለው ኢንሱሊኑን አራት ሳምንት አቆዩት። የቀነሰው ጉልበት ከ1 በመቶ አልበለጠም። ፍሪጅ የሌለው ሰው በየቀኑ ሆስፒታል እየተመላለሰ የሚወጋበት አገር አለ፣ በዚህ ፍርሃት ብቻ።

ፋርማሲስቷ፣ 7፡38
ትክክል ነህ፣ ግን ግማሹን ነው የተናገርከው። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያሉትን ጥናቶች ሰብስቦ ያልተከፈተ ብልቃጥ እስከ 25 ዲግሪ ለስድስት ወር፣ እስከ 37 ዲግሪ ለሁለት ወር ይቆያል ብሏል። ጣሪያው 37 ነው። ሰውየው ቤቱ 39 ነው እያለ ነው። ስለዚህ ማሰሮውን መሥራቱ ልክ ነው። ፍሪጅ እንዲሆንለት መጠበቅ ብቻ ነው ስህተቱ። 4 ዲግሪ አያስፈልገውም። 30 ካመጣ እሰየው ነው። የተጀመረውን ግን ፍሪጅም ኖረ አልኖረ ከአራት ሳምንት በላይ አታስኬደው፣ የተከፈተበትን ቀን ፕላስተር ላይ ጻፍበት።

ገመቹ ኤሌክትሪክ፣ 7፡40
በረዶ አልኳችሁ። ቀላሉን ነገር አታወሳስቡት።

ፋርማሲስቷ፣ 7፡41
ገመቹ!!!

የሸክላ ልጅ፣ 7፡44
እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፣ ጥያቄው የኛ ቤት ጥያቄ ነው። ማሰሮው ከየት መጣ? አዲስ ነው አሮጌ? ተሟሽቷል? ውስጡ ጥቁር ነው? ማሰሮው ላይ ፌስታል አለ? የት ነው የተቀመጠው?

የሎጊያው (ጠያቂ)፣ 7፡50
ስኳሯ 268 ነው። አላስታወከችም፣ ቡና እየጠየቀችኝ ነው። የምትከታተላት ሲስተር በስልክ መጠኑን ነገረችኝ፣ ከተጀመረው ወጋኋት። ደመናማው እኩል ነጭ ነው።

ትልቁ ማሰሮ እናቴ ከኮምቦልቻ ይዛው የመጣችው የጠላ ጋን ነው፣ በወይራ ይታጠን ነበር፣ ውስጡ ጥቁር ነው። ትንሹ የዶሮ ወጥ ድስት ነው፣ የሸክላ። አልጋ ሥር ነው ያስቀመጥኩት፣ ጨለማ ስለሆነ። ከላይ ውሃው እንዳይደርቅ በፌስታል ሸፍኜዋለሁ። 17 ፐርሰንት።

ቀልድ አያልቅበት፣ 7፡51
አልጋ ሥር፣ በፌስታል፣ የጠላ ጋን። ወንድሜ አንተ ኢንሱሊን አይደለም፣ ጠላ ነው የጠነሰስከው።

የሸክላ ልጅ፣ 7፡56
ቀልደኛው አንዴ እውነት ተናገረ። እንግዲህ ስማኝ። የጠላ ጋንህን ጭስና የጠላ አተላ ቀዳዳውን ደፍኖታል። ምጣድ በጎመን ዘር የሚሟሸው ለምንድን ነው? እንዳይጠጣ ነው። የወጥ ድስትም እንዲሁ፣ ስንት ዓመት ዘይት ጠጥቷል። አንተ የምትፈልገው የሚያልበውን ነው። ያልተሟሸ የውሃ እንስራ። ገበያ ላይ ስትገዛ ውሃ ሙላበትና ሩብ ሰዓት ጠብቅ። ጀርባውን በእጅህ ዳብሰው። ርጥብ ርጥብ ካለህ እሱ ነው። ድርቅ ካለህ መልሰው።

እናቴ ለውሃ እንስራ የምትሠራውን ጭቃ ገለባ ትጨምርበታለች፣ ሲተኮስ ገለባው ተቃጥሎ ቀዳዳ ይተዋል። ለድስት ግን የቆየ ገል ፈጭታ ነው። የኔ እናት ዩኒቨርሲቲ አልገባችም፣ ሁሉን አዋቂ ስለ ኖቤል ሲያወራ ግን ገረመኝ።

ፌስታሉን አሁኑኑ አንሳ። ትነቱን ዘግተህ ቅዝቃዜ አይመጣም። ከአልጋ ሥር አውጣውና ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚመታው በረንዳ ላይ፣ ሦስት ድንጋይ ላይ አስቀምጠው። ነፋስ ከሥሩም ይለፍ።

የቀድሞ ሾፌር (ሪያድ)፣ 8፡02
እኔም ስኳር አለብኝ፣ ሪያድ ከቤት ቤት ስነዳ ነው የኖርኩት። የምጠቀመው ውሃ ሲነካ ጄል የሚሆን ዱቄት ያለበት የጨርቅ ከረጢት ነው። አሥር ደቂቃ ውሃ ውስጥ ትነክረዋለህ፣ ቀኑን ሙሉ ይተናል፣ መድኃኒቱ ከውጩ ይቀዘቅዛል። እዚያ የት ታገኛለህ? ዱቄቱ ግን ቤትህ አለ። የሕፃን ዳይፐር ውስጥ ያለው የዚያው ዓይነት ነው።

ቀልድ አያልቅበት፣ 8፡03
መጨረሻው ዳይፐር ሆነ። ኢንሱሊኑን አሳዘናችሁት።

የቀድሞ ሾፌር (ሪያድ)፣ 8፡07
ሳቅ። ያልተጠቀምክበትን ነው ያልኩት። ግን አንድ ነገር አለ፣ እኔ መጀመሪያ የተሸወድኩበት። የዳይፐሩ የውጭ ሽፋን ፕላስቲክ ነው፣ ትነት አያሳልፍም። ላጠው። የቀረውን በጥጥ ጨርቅ ከረጢት ስፋው፣ አርጥበው፣ ብልቃጡን በደረቅ ፌስታል አድርገህ መሀሉ ክተት፣ ነፋስ ላይ ስቀለው። ውሃው ጨዋማ ካልሆነ።

የሎጊያው (ጠያቂ)፣ 8፡09
የጉድጓድ ውሃችን ጨዋማ ነው። 13 ፐርሰንት።

የአፈር ሰው፣ 8፡15
ጨው ከሆነ ጄሉ ብዙ አይነፋም። ንጹሕ ውሃ ከራሱ ክብደት ብዙ መቶ እጥፍ የሚጠጣው ዱቄት፣ ጨውና ካልሲየም ባለበት እጅግ ይቀንሳል። እኛ ይሄን የምናውቀው ከሌላ በኩል ነው። የዚሁ ዓይነት ዱቄት ደረቅ አፈር ውስጥ ተቀላቅሎ ለተክል ውሃ እንዲይዝ ይሞከራል። አዋሽ ዳር ባለው ጨዋማ መሬት ግን ተስፋውን አሳንሱት። ሌላው ችግር መበስበሱ ነው። የአፈር ረቂቅ ተሕዋስያን በጣም ቀስ ብለው ነው የሚበሉት፣ ስለዚህ አሁን ብዙ ተመራማሪ የዞረው ከስታርችና ከሴሉሎስ ወደሚሠራው ጄል ነው። ያንን አፈሩ ይበላዋል።

እነዚህ ተሕዋስያን ቀላል አይደሉም። ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘው ከአፈር ነው። በ2015 ይፋ የሆነው ቴይክሶባክቲን የሚባለው አዲስ ፀረ-ባክቴሪያም ከአፈር ነው የመጣው፣ ላብራቶሪ ሳሕን ላይ አልበቅል ያለውን ባክቴሪያ እዚያው አፈሩ ውስጥ በቀጭን መያዣ አሳድገው። የእናትህ ኢንሱሊንም ዛሬ የሚሠራው በባክቴሪያ ወይም በእርሾ ነው።

ሁሉን አዋቂ፣ 8፡17
ይሄን ልል ነበር።

የአፈር ሰው፣ 8፡21
ይቅርታ፣ ወደ ጉዳዩ። ለዛሬ ማታ የታሸገ ውሃ ተጠቀም፣ ለዳይፐሩ ሁለት ብርጭቆ ይበቃል። ለእንስራውም ጨዋማ ውሃ ለጥቂት ቀን ይሠራል፣ ግን ውሃው ሲተን ጨው ቀዳዳው ላይ ይቀራል። ጀርባው ላይ ነጭ ዱቄት ስታይ በንጹሕ ውሃ ፋቀው።

አንድ መለኪያ ልስጥህ። የቴርሞሜትሩን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ በካርቶን አራግበው። ዝቅ ብሎ የሚቆምበት ቁጥር የምትደርስበት ወለል ነው። 27 ካለህ፣ ማሰሮም ዳይፐርም ከ27 በታች አያወርዱልህም። አየሩ ደረቅ ከሆነ ወለሉ ዝቅ ይላል፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ደግሞ ከፍ ይላል። በደረቁ ወራት እናንተ ጋ ጥሩ ነው፣ ጋምቤላ ክረምት ላይ ግን ብዙም ተስፋ የለውም።

ፋርማሲስቷ፣ 8፡26
ጤና ጣቢያውንም ጠይቅ። አንዳንዱ ጋ የክትባት ፍሪጅ በሶላር ይሠራል። የክትባቱን ፍሪጅ አይሰጡህ ይሆናል፣ ግን ሌላ መላ ያውቃሉ። አንዱን ብልቃጥ ቤት አስቀርተህ ሦስቱን እዚያ ብታስቀምጥ፣ ቤት ያለው ቢበላሽም ሁሉም አይጠፋም። ማታ ከመውጋትህ በፊት ለካና እዚህ ጻፍልን።

የሎጊያው (ጠያቂ)፣ 8፡40
ፌስታሉን አነሳሁ፣ በረንዳ ላይ ድንጋይ ላይ አደረግኩት። ጎረቤታችን የውሃ እንስራ አላት፣ ውሃ ሞላሁበት፣ ጀርባው አላበ! ብልቃጦቹን በፌስታል ቋጥሬ ውስጡ አንጠለጠልኳቸው። ቴርሞሜትሩን በእርጥብ ጨርቅ አራገብኩት፣ 25 ላይ ቆመ። እንስራው አሁን 33 ነው፣ እየወረደ ነው። 9 ፐር

ቀልድ አያልቅበት፣ 8፡41
ፐርሰንቷን ሳይጨርስ ሄደ።

ገመቹ ኤሌክትሪክ፣ 8፡55
እሺ፣ በረዶ ትቻለሁ። ግን ለትራንስፎርመሩ ደውላችኋል? ፊውዙ ብቻ ከሆነ ሊሠራ ይችላል። ማንም አልጠየቀም እኮ።

ፋርማሲስቷ፣ ከምሽቱ 3፡20
@የሎጊያው እናትህ እንዴት ናቸው? የማታው ስንት ሆነ?

ፋርማሲስቷ፣ በማግስቱ ጠዋት 1፡45
@የሎጊያው?

የሸክላ ልጅ፣ በማግስቱ 2፡10
መብራት አልመጣ ይሆናል። ስልኩ ሞቶ ነው፣ እንስራው ግን ያልባል ብሎኛል።

አዲስ ገቢ፣ ከ11 ቀን በኋላ
ሰላም፣ ይሄ የእንስራ ነገር ለግላኮማ የዓይን ጠብታ ይሆናል? ድሬዳዋ ነን፣ ፍሪጃችን ጋዙ አልቋል።