ስልክ ላይ ያለ ኤስኪውላይት ዳታቤዝ እንዴት ነው የሚቆለፈው? ቁልፉስ የት ይቀመጥ?

የዱቤ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሰፈር ሱቆች የዱቤ መዝገብ አፕ ሠርቻለሁ። አንድሮይድ ነው፣ በኮትሊን ቋንቋ፣ ዳታቤዙ በሩም (ኤስኪውላይትን ለአንድሮይድ ኮድ የሚያቀል ላይብረሪ)። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የደንበኛው ስም፣ ስልኩ፣ ስንት ብር እንዳለበት፣ ሁሉም እዚያው ታብሌቱ ላይ ነው። ባለፈው አንዱ ባለሱቅ ታብሌቱ ተበላሽቶበት ለጥገና ሰጠ። ሊቀበል ሲሄድ ጠጋኙ እየሳቀ «እገሌ እኮ ጉድ ነው፣ ይሄን ሁሉ በልቶ ዝም?» አይለውም!

ታብሌቱ ሩት የተደረገ ነበር፣ ማለትም የሲስተሙ ገደብ ተነስቶ የየትኛውም አፕ ፋይል ይከፈታል። ፋይሉን እኔም አውጥቼ በኖትፓድ ከፈትኩት። ገና ከላይ «ኤስኪውላይት ፎርማት 3» ይላል። ወረድ ስል በዝብርቅርቁ ምልክት መሀል የሰዎቹ ስም በአማርኛ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። አፑ ሲከፈት ፒን ይጠይቃል እኮ! ኩም አልኩ።

ስሙንና ስልኩን ብቻ ኢንክሪፕት ላድርግ (ልመስጥር) ወይስ ፋይሉን በሙሉ? ሙሉውን ፋይል የሚመሰጥረው ኤስኪውኤል ሳይፈር ያዘገያል ሲሉ ሰምቻለሁ። ቁልፉን ለጊዜው ኮዱ ውስጥ ልጽፈው አስቤያለሁ።

ባይት_በባይት፦
ፒንህ የሚጠብቀው የአፑን በር ነው፣ ፋይሉን አይደለም። ነፃው ኤስኪውላይት ምስጠራ የሚባል ነገር የለውም። ሠሪዎቹ ለብቻው የሚሸጡት ተጨማሪ አላቸው፣ ግን በክፍያ ነው። የኤስኪውኤል ሳይፈር የኮሚኒቲ ስሪት ነፃ ስለሆነ እሱን ያዝ።

ስምና ስልክ ብቻ መለየቱን ተወው። ባለሱቁ «አበ» ብሎ ሲጽፍ አበበም አበባም እንዲመጡለት ይፈልጋል፤ ስሙ ከተመሰጠረ ያ ፍለጋ አለቀለት፣ በፊደል ተራ መደርደሩም እንደዚያው። የብሩ መጠንና ቀኑ ደግሞ እንደተራቆተ ይቀራል። ሳይፈር ፋይሉን በ4096 ባይት ገጽ እየከፈለ እያንዳንዱን ገጽ ኤኢኤስ በሚባለው የምስጠራ ዘዴ በ256 ቢት ቁልፍ ይመሰጥራል፣ ገጹን የነካካ ሰው ካለ የሚታወቅበት ማረጋገጫም አብሮ ያስቀምጣል። ያ ከላይ ያየኸው ጽሑፍ ራሱ ይጠፋል፤ በቦታው 16 ባይት የዘፈቀደ ቁጥር ነው የሚቀመጠው።

ያዘግማል የሚሉት አብዛኞቹ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ዳታቤዙን የሚከፍቱና የሚዘጉ ናቸው። ስሪት 4 ከይለፍ ቃልህ ቁልፍ ለማውጣት 256,000 ዙር ነው የሚያሰላው፣ ሆነ ተብሎ፣ ገማች እንዲደክመው። አንዴ ክፈተው፣ ክፍት ይቆይ። ወይም የዘፈቀደ 32 ባይት ቁልፍ በ64 የሄክስ ፊደል (ከ0 እስከ 9 እና ከኤ እስከ ኤፍ) ስጠው፣ ያን ሁሉ ዙር ይዘለዋል።

ዝም_ያለ_ሰርቨር፦
የዱቤ መዝገብ ደግሞ ምን ምስጢር አለው? የወረቀቱ ደብተር ባንኮኒ ላይ ተዘርግቶ አይደል የሚውለው 😂

ባይት_በባይት፦
ደብተሩን ማንም በአንድ ሰከንድ ኮፒ አድርጎ በቴሌግራም አይልከውም። የሰው ስልክ ቁጥር ከነዕዳው ነው የምናወራው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የይሉኝታ ብቻ አይደለም።

እቴቴ_ኮድ፦
ቁልፍ ኮድ ውስጥ መጻፍ በሩን ቆልፎ ቁልፉን እዚያው ሰክቶ መሄድ ነው። ኤፒኬውን (የአፑን መጫኛ ፋይል) ኮዱን መልሶ በሚያወጣው ጃድኤክስ የከፈተ ሁሉ ያነበዋል። እንዲህ አድርግ፦ አፑ መጀመሪያ ሲከፈት የዘፈቀደ 32 ባይት ይፍጠር። አንድሮይድ ኪስቶር (ስልኩ ራሱ ቁልፎችን የሚጠብቅበት ቦታ) ውስጥ ሌላ ቁልፍ ፍጠርና ያንን 32 ባይት በእሱ ቆልፈህ አስቀምጠው። የኪስቶሩ ቁልፍ ከመሣሪያው አይወጣም፣ ስለዚህ ፋይሉን ኮፒ አድርጎ የወሰደ ሰው ምንም አያገኝም። ሩት ያለው ሰው ግን ታብሌቱ ላይ እንዳለ አፕህን መስሎ ኪስቶሩን ሊጠይቅ ይችላል፤ ለዚህ ነው ቁልፉ በጣት አሻራ ወይም በስክሪን ሎክ ብቻ እንዲከፈት የምታደርገው።

እኔን ያቃጠለኝን ልንገርህ። ደንበኛዬ ስልክ ቀየረ። የአንድሮይድ ባካፕ ዳታቤዙን ወደ አዲሱ ስልክ አመጣለት፣ የኪስቶሩ ቁልፍ ግን አሮጌው ላይ ቀረ። ስህተት 26፣ «ፋይሉ ዳታቤዝ አይደለም»። የሦስት ወር ሂሳብ እንዲሁ ቀለጠ። ስክሪን ሎክ ሲጠፋም እንዲህ ዓይነቱ ቁልፍ አብሮ ይሰረዛል፤ ጠጋኝ ደግሞ ገና ስልኩን ሲቀበል «ፓተርኑን አጥፋልኝ» ነው የሚለው! ስለዚህ ፋይሉን ከባካፕ አውጣው፣ ባለሱቁም በራሱ የይለፍ ቃል የተቆለፈ ኮፒ ወደ ፍላሽ የሚያወጣበት በተን አፑ ላይ ጨምርለት። ይሄን ሳትሠራ አፕዴቱን እንዳትለቅ።

የዱቤ_ልጅ፦
እናመሰግናለን እቴቴ። አሁን የተያዝኩት የነበረው ዳታ ላይ ነው። በሪኪ ትዕዛዝ ልቆልፈው ሞከርኩ፣ እምቢ አለ።

ባይት_በባይት፦
ሪኪ የተቆለፈን ፋይል ቁልፍ ነው የሚቀይረው፣ ያልተቆለፈን አይቆልፍም። አዲስ ባዶ ፋይል ከነቁልፉ አታች አድርግ (ከአሮጌው ጋር አያይዘው)፣ በኤስኪውኤል ሳይፈር ኤክስፖርት ትዕዛዝ ሙሉውን ገልብጥ። ዩዘር ቨርዥን የሚባለውን የዳታቤዙን የስሪት ቁጥር ግን አብሮ አይገለብጥም፤ ሩም እሱን እያየ ነው ማይግሬሽን (የሠንጠረዦቹን አወቃቀር ማሻሻያ) የሚያስኬደው፣ ስለዚህ በእጅህ ጻፈው። እኔ ረስቼው ሌሊቱን ሙሉ ፈጅቻለሁ። የረድፎቹ ብዛት እኩል መሆኑን ካየህ በኋላ አሮጌውን ከነዋል ፋይሉ (አዲስ ለውጦች መጀመሪያ የሚጻፉበት ተጓዳኝ ፋይል) አጥፋ። ዋሉን ከተውከው ስሞቹ እዚያ ውስጥ ይቀራሉ።

የዱቤ_ልጅ፦
ሠራ! በኖትፓድ ስከፍተው ከላይ እስከ ታች ዝብርቅርቅ ብቻ፣ አንድም ስም የለም። ሲከፈት ግማሽ ሰከንድ ያህል ይጎተታል፣ ከዚያ ልዩነቱ አይታወቅም። ለባለሱቁ ይሄን ሁሉ ላስረዳው ስሞክር አቋረጠኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ታዲያ አሁን እዚያው ጠጋኝ ጋ ልመለስ ወይስ ሌላ ልፈልግ?»